ደብረ ታቦር ለመድረስ፤ የአንድ ደጋ ከተማ የመንገድ ታሪክ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ በስተ ቀኙ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ መንገድ ያገኛል። መንገዱ የፎገራን ሜዳ ለቆ፣ ዓለም በርን አልፎ፣ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ከወጣ በኋላ ደብረ ታቦር ከተማ ይገባል። ዛሬ ይህ ጉዞ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ነገር ግን የከተማውን ታሪክ ከሥሩ የሚመረምር ሰው፣ ይህን የመሰለ አጭር መንገድ ለማግኘት ደብረ ታቦር ከ150 ዓመት በላይ መጠበቅ እንደ ነበረበት ይረዳል። በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ወደ ከተማው የመጡት መልእክተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና ወታደሮች ብዙዎች ናቸው። ሁሉም ካጋጠማቸው ችግር ዋነኛው የሀገሩ አቀማመጥ ነበር ተብሎ ሲነገር ይሰማል። ይህ አባባል ከፊል እውነት ቢኖረውም የተሟላ አይደለም። የደብረ ታቦር መንገድ ታሪክ በሚገባ ሲታይ፣ ተራራውና ወንዙ ካደረሱት እንቅፋት ይልቅ የጉዞውን ሸክም ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ የበለጠ ክብደት እንደ ነበረው ይገለጻል።

የከተማው አቀማመጥና የጉዞው ወራት

ደብረ ታቦርን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመሠረቱት የየጁው ተወላጅ ራስ ጉግሣ መርሻ ናቸው። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። የየጁ ባላባቶች የትውልድ ሀገራቸውና የኃይላቸው ምንጭ በስተ ምሥራቅ ነበር፤ በስማቸው የሚገዙላቸው ነገሥታት የሚኖሩት በስተ ሰሜን ምዕራብ በጎንደር ነበር፤ ዘወትር የሚያሠጋቸውና ዘወትር የሚፈልጉት ጎጃም ደግሞ በስተ ደቡብ ምዕራብ ከዓባይ ማዶ ይገኛል። ደብረ ታቦር ለሦስቱም አማካይ ናት። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጣና ሐይቅ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ስለዚህ በዘመነ መሳፍንት መመዘኛ ከተማዋ ሩቅ አገር ሳትሆን የሀገሪቱ መንገዶች መገናኛ ነበረች ማለት ይቻላል። ራስ ጉግሣም ሆኑ በኋላ የተነሡት ራስ ዓሊ አሉላ መናገሻቸው አደረጓት። በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ የትግራይንና የሰሜንን ሠራዊት አስከትለው እስከዚህ ድረስ መጥተው የተዋጉትም የበጌምድር ቁልፍ በዚህች ከተማ እጅ መሆኑን ስለ ተረዱ ነው።

ይሁን እንጂ መገናኛ መሆን ማለት ሁል ጊዜ የሚደረስበት መሆን ማለት አይደለም። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከበስተጀርባዋ ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ተራራ ቆሟል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከዚሁ ተራራ አካባቢ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በክረምት ሁለቱም ሲሞሉ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ውኃ ይተኛበታል፤ ጭነት የያዘ በቅሎ በማጡ ውስጥ እስከ ሆዱ ይሰምጣል። ስለሆነም ከምዕራብ የሚመጣ መንገደኛ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ባለበት መክረም ግዴታው ነበር።

ከመስቀል በኋላ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ወንዙ ይጎድላል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ለከብቱም ለምለም ሣር አይጠፋም። ጥቅምትና ኅዳር የጉዞ ወራት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ወራቱ እየገፋ መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ መንገዱ ደረቅ ቢሆንም ሣሩ ስለሚያልቅና ምንጩ ስለሚነጥፍ የጋማ ከብቱ ይከሳል። እንግዲህ አመቺ የሆነው የጉዞ ጊዜ በዓመት ውስጥ ከአምስት ወር እምብዛም አይበልጥም ነበር። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ምጽዋ ወርዶ ያለ ወራቱ ሲነሣ፣ በቅሎዎቹን በመንገድ ላይ ጨርሶ ዕቃውን በየመንደሩ እየበተነ መድረሱ የተለመደ ነበር።

በስተ ምሥራቅ ያለው መንገድ ጠባዩ ሌላ ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ የጉናን ግርጌ ይዞ፣ ጋይንትን አቋርጦ፣ በጨጨሆ በር ወደ ዋድላ የሚያልፈው ይህ መንገድ የተከዜንና የዓባይን ገባር ወንዞች የሚለየውን የተራራ ጀርባ ተከትሎ ይሄዳል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገደል ነው፤ ይሁን እንጂ በጀርባው ላይ የሚሄድ ሰው ትልቅ ወንዝ አይሻገርም። የጥንት መንገደኞች ይህን የመረጡት መሣሪያ ይዘው መሬቱን ለክተው ሳይሆን በእግራቸው ፈትነው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት መሐንዲሶች በመሣሪያ ለክተው የደረሱበትም ከዚያው ከእግረኛው መንገድ ብዙ አይርቅም።

ፈቃድ፣ ባልደረባና ድርጎ

ወንዝ መሻገርና አቀበት መውጣት የጉዞው አንዱ ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍል ፈቃድ ማግኘት ነበር። በዚያ ዘመን ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣ እንግዳ በየበሩና በየኬላው ይጠየቃል። ነጋዴው ቀረጡን ከፍሎ ያልፋል፤ መልእክተኛው ግን የገዢውን ቃል ሳይዝ አያልፍም። የእንግሊዝ መንግሥት ሆርሙዝድ ራሳም የተባለውን መልእክተኛ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ በላከ ጊዜ፣ ራሳም በሐምሌ 1856 ዓ.ም. ምጽዋ ደርሶ ከንጉሠ ነገሥቱ የመግቢያ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ 15 ወር ያህል በዚያው በባሕሩ ዳር ሐሩር ተቀምጧል። በጥቅምት 1858 ዓ.ም. ሲነሣም በከሰላና በመተማ በኩል ዞሮ እንዲመጣ ሆነ። የመዘግየቱ ምክንያት ገደልና ወንዝ አልነበረም።

በተጨማሪም በዚያ ዘመን መናገሻ ማለት ንጉሡ ያለበት ስፍራ ማለት ስለ ነበረ፣ ከተማው ዘንድ መድረስ ብቻውን ጉዳይ አያስፈጽምም። ራሳም በጥር 1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ያገኛቸው በደብረ ታቦር ሳይሆን በዳሞት በጦር ሰፈር ነው። ከዚያም ጣናን በደንገል ታንኳ ተሻግሮ ቆራጣ እንዲቀመጥ ተደረገ። በሰኔ ወር በቆራጣ የኮሌራ በሽታ ስለ ገባ እሱና ጓደኞቹ ከሰፈሩ ጋር ወደ ጋፋትና ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። እንግዲህ ይህ መልእክተኛ ምጽዋ ከወረደበት ቀን ጀምሮ ደብረ ታቦር እስኪገባ ድረስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሐምሌ ወር እስረኛ ሆኖ ወደ መቅደላ ሲላክ ግን ክረምት ቢሆንም ጉዞው የፈጀው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ንጉሡ ሲፈቅዱ መንገዱ አጭር፣ ሳይፈቅዱ ረዥም እንደ ነበረ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ፈቃድ ያገኘ እንግዳ ደግሞ ባልደረባ ይሰጠዋል። ባልደረባ ማለት እንግዳውን ከገዢው ጋር የሚያገናኝ፣ ቃሉን የሚያደርስለት፣ የጎደለውን የሚያስሞላለት ሹም ነው። እንግዳው የሚበላውና የሚጠጣው ድርጎ ይባላል። እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ፣ ማሩና የበቅሎው ገብስ በትእዛዝ ይመጣለታል። ይህ ሥርዓት በውጭ አገር ጸሐፊዎች ዘንድ እንደ ታላቅ ቸርነት ተወስቷል፤ በቤተ መንግሥቱ በኩል ሲታይም ቸርነት ነው። ድርጎውን ከጎተራው የሚያወጣው ግን በመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ ነበር። ጭነቱም ከመንደር ወደ መንደር የሚተላለፈው በገበሬው ትከሻ ነው። «እንግዳ ለአንድ ቀን ወርቅ፣ ለሁለት ቀን ብር፣ ለሦስተኛው ብረት» የሚለው ብሂል፣ በመንገድ ዳር ለሚኖር ገበሬ ከቀልድ ያለፈ ትርጉም ነበረው። ገዢውና ሠራዊቱ በደብረ ታቦር በከረሙ ጊዜ ሁሉ በዙሪያዋ ያለው የፋርጣና የእስቴ ገበሬ የሚመግበው አፍ ይበዛ ነበር።

በራሱ ገንዘብ የሚጓዘው ነጋዴም ቢሆን ችግሩ ቀላል አልነበረም። መገበያያው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲሆን፣ ምልክቱ የደበዘዘውን ገበያተኛው አይቀበለውም። ለትንሽ ነገር መግዣ የሚሆነው ዝርዝር ደግሞ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌው ከአፋር ጨው ምድር በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ነገር ግን ዝናብ ከነካው ይሟሟል፣ ከተሰበረም ዋጋው ይጎድላል። ስለዚህ መንገደኛው ገንዘቡን በጭነት ከብት ተሸክሞ፣ ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከዝናብም እየጠበቀ ይሄድ ነበር።

የቆሎ ተማሪው መንገድ

የደብረ ታቦርን መንገድ ታሪክ ከመልእክተኞች መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ዋናውን መንገደኛ ይረሳል። የደቡብ ጎንደር ደጋ የሊቃውንት አገር ነው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንቱ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ በእግሩ ተነሥቶ ይህን አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያቋርጥ ኖሯል። ባልደረባ የለውም፤ ድርጎም አይታዘዝለትም። ጭነቱ ደበሎውና አኩፋዳው ነው። ወንዝ ሲሞላበት እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ሲመሽበት «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ደጅ ይቆማል፤ ሲርበው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል። ከኬላ ጠባቂው ይልቅ የሚያስፈራው የመንደሩ ውሻ ነበር።

በዚህ መንገደኛና በመልእክተኛው መካከል ያለው ልዩነት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሁለቱንም የሚያበላው ያው ገበሬ ነው። ለመልእክተኛው የሚሰጠው ግን ታዝዞ ሲሆን፣ ለተማሪው የሚሰጠው ወድዶ ነው። የታዘዘው ድርጎ ሹሙ ሲሻር ይቀራል፤ በፈቃድ የተሰጠው ቁራሽ ግን መሳፍንት ሲለዋወጡ አልተቋረጠም። የቆሎ ተማሪው መንገድ ምንም ድንጋይ ያልተነጠፈበት ቢሆንም፣ በዚህ አገር ካሉት መንገዶች ሁሉ ረዥም ዕድሜ ያለው እርሱ ነው።

የ1860 ዓ.ም. ጉዞ

ወደ ደብረ ታቦር መድረስና ከደብረ ታቦር መውጣት መሠራት ያለበት ነገር መሆኑን አስቀድመው የተገነዘቡት መሪ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከተማዋን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኙ መንገዶች እንዲጠረጉ ጥረዋል። በዓይን ያዩ ሰዎች እንደ መሰከሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከማለዳ እስከ ምሽት ድንጋይ እያነሡ፣ ጉድጓድ እየሞሉ ይሠሩ ነበር። እሳቸው እየሠሩ ማንም ሰው ሥራውን ጥሎ መሄድ አይችልም። በከተማዋ አጠገብ በምትገኘው በጋፋት መንደር ደግሞ፣ ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ቴዎፊል ዋልድማየርን የመሰሉ የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ባለሙያዎች ከሀገሩ ሠራተኞች ጋር ሆነው መድፍና ሠረገላ እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያ የወጣው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል።

በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው በጋይንት፣ በጨጨሆና በደብረ ዘቢጥ አድርጎ ወደ ዋድላ የሚወስደው ነው። ከዚያም የጅዳን ሸለቆ ወርዶ መውጣት፣ ደላንታን ማቋረጥ፣ እንደገናም የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ያስፈልጋል። በበቅሎ የሚሄድ ሰው በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው ይህ መንገድ ለመድፉ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ። በገደሉ ላይ መንገዱን እየጠረቡ፣ ድንጋዩን እየፈለጡ፣ ሠረገላውን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየሳቡ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። ኋላ መንገዱን ያዩት የእንግሊዝ መኰንኖች ያለ ዘመናዊ መሣሪያ እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱን በአድናቆት ጽፈዋል።

በዚያው ወራት ሌላ መንገድ ሠሪ ከሰሜን ይመጣ ነበር። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ዙላ ላይ ወርዶ፣ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቅደላ ሊደርስ ተነሣ። በዙላ ወደብ ገበታ ተሠራ፤ ከወደቡም እስከ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ከባድ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ አገር መጡ። የዘመቻው ወጪ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደረሰ። ሠራዊቱ ዋድላ ላይ ቤተ ሖር ሲደርስ ከዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ጋር ተገናኘ፤ የጅዳንና የበሽሎን ገደል የወረደውም ንጉሠ ነገሥቱ ለመድፋቸው ባስጠረጉት በዚያው መንገድ ነው። ዐርብ ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸውን አለፉ።

ብዙ ጸሐፊዎች ስለ ሁለቱ ጉዞዎች ሲያወሱ የመድፉን ክብደትና የዝሆኑን ቁጥር ያነጻጽራሉ። ለነገሩ መፍትሔ የሚሰጠው ንጽጽር ግን ሌላ ነው። ናፒየር በመንገዱ ላይ ለሚያስፈልገው ገብስ፣ ሣርና የጭነት ከብት ጠገራ ብር ይከፍል ነበር። ለዚህም የሚሆን ብር በአውሮፓ እንዲመታ ተደርጎ በሣጥን መጥቷል። የትግራዩ ካሣ ምርጫም፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ የተባሉት፣ እንዲያልፍ ፈቅደውለታል። ስለዚህ የውጭ አገሩ ሠራዊት ገበያ እየቆመለት ተጓዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ከተማቸው ዙሪያ የሚመግባቸው አጡ። ሠራዊቱ የበጌምድርን ገበሬ ደጋግሞ ስለ ዘረፈ፣ ገበሬው ከፊሉ ሸፈተ፣ ከፊሉም እህሉን ቀብሮ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱ በጉልበት ገደሉን ጠርበው መንገድ አወጡ፤ በመንገዱ ዳር ያለውን ሰው ግን በጉልበት መልሰው ማምጣት አልቻሉም።

ይህ ሲባል የዐፄ ቴዎድሮስን ሐሳብ ለማሳነስ አይደለም። አንድ አገር አንድ የሚሆነው በመንገድ ነው ብሎ ማሰብ በዚያ ዘመን ከሁሉ የቀደመ ሐሳብ ነበር። ይሁን እንጂ መንገዱ የተሠራው ለመድፉ እንጂ ለገበሬው ገበያ ስላልነበረ፣ መድፉ ካለፈ በኋላ ጠባቂ አላገኘም። ከበስተኋላውም የተቃጠለች ከተማ ቀረች።

ከመናገሻነት ወደ ዳርነት

ደብረ ታቦር ከቃጠሎው በኋላ አልጠፋችም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመናገሻዎቻቸው አንዷ አድርገዋት በሰመራ ይቀመጡ ነበር። በጥቅምት 1872 ዓ.ም. የግብፅ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ የመጣው እንግሊዛዊው ጎርደን ፓሻ ያነጋገራቸው በዚሁ በደብረ ታቦር ነው። ጎርደን ያለ ስምምነት ሲመለስ በመተማ በኩል ሊወጣ ቢፈልግም፣ በመንገድ ተይዞ በምጽዋ በኩል እንዲሄድ ተገደደ። ለእንግዳ የመግቢያ ብቻ ሳይሆን የመውጫ መንገድም የሚመረጥለት በቤተ መንግሥቱ ነበር ማለት ነው። በ1873 ዓ.ም. የጀርመን መንግሥት መልእክተኛ ጌርሃርድ ሮልፍስም እዚሁ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኝቷል።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ካረፉ በኋላ ግን መንግሥቱ ወደ ሸዋ ዞረ። የንግዱ በርም አብሮ ተለወጠ። ቀድሞ ዕቃው ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ይሄድ ነበር፤ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ግን የሀገሪቱ ዋና በር ወደ ምሥራቅ ሆነ። ተራራው እንዳለ ነው፤ ወንዞቹም አልተጨመሩም። ሆኖም የትናንቷ መገናኛ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ዳር አገር ተባለች። ስለዚህ ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ ነገር እንዳልሆነ፣ የመንግሥትና የገበያ መቀመጫ በተዛወረ ቁጥር አንድ ከተማ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሊርቅ እንደሚችል ደብረ ታቦር ራሷ ምስክር ናት።

በ1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር አንቺም ላይ ሲዋጉ፣ አውሮፕላን በላያቸው መጥቶ ወረቀትና ቦምብ ጣለ። ራሱም መጋቢት 22 ቀን በውጊያው ወደቁ። በየበሩና በየኬላው ማለፍ የማያስፈልገው፣ ክረምትና ጭቃ የማያግደው መጓጓዣ በዚህ ደጋ ላይ የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የጣሊያን ወራሪ ጦር ገብቶ በከተማዋ የጦር ሰፈር አቆመ፤ ወደ ጎንደርና ወደ ደሴም ለጦር መኪና የሚሆን ጥርጊያ መንገድ ይጠቀም ነበር። በ1933 ዓ.ም. ክረምት በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከብቦ እጁን ሰጠ። ወራሪው የሚመካበት ጥርጊያ መንገድ ለከበቡትም መምጫ ሆኗቸው ነበር።

በዚሁ ዘመን በስተ ደቡብ በኩል አንድ ታላቅ ጉዳት ደርሷል። በ17ኛው መቶ ዓመት በዓባይ ላይ የተሠራውና የእስቴንና የእንዳቤትን አገር ከጎጃሙ ሞጣ ጋር የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ፣ በወረራው ጊዜ መካከለኛው ቅስቱ ተሰበረ። ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት በስብራቱ ላይ የሚሻገር ሰው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ከማዶ ሆነው በሚስቡት ሰዎች ጉልበት ይሻገር ነበር። ገበያ የሚሄደው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ታቦት የሚያነግሠው ሁሉ በዚያ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ጥገና የተደረገለት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ በኋላም በአካባቢው የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል። ለመንግሥት ካርታ አንዲት ቅስት ጥቂት ሜትር ናት፤ ለሁለቱ ማዶ ሰዎች ግን የአንድ ሙሉ ትውልድ ዕድሜ ሆና ነበር።

የወረታ–ወልድያ መንገድ

የደብረ ታቦር ርቀት በእርግጥ የተቃለለው ከወረታ እስከ ወልድያ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሲሠራ ነው። ኢትዮጵያ ከቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ጋር በኅዳር 1963 ዓ.ም. የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረተች፤ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቻይናን በጎበኙ ጊዜም ወለድ የሌለው ብድር ተፈቀደ። የመንገዱ ሥራ በደርግ ዘመን በቻይናና በኢትዮጵያ ባለሙያዎች ተካሂዶ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ብሎ ሰየመው። መንገዱ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይን፣ ነፋስ መውጫን፣ ጨጨሆን፣ ደብረ ዘቢጥንና ጋሸናን እያገናኘ፣ ያንኑ የጥንቱን የተራራ ጀርባ ተከትሎ ይሄዳል። በኋላ ዘመንም አስፋልት ለበሰ።

ይህ መንገድ ከዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ጋር በብዙ ቦታ አቅጣጫው አንድ ይሁን እንጂ ውጤቱ የተለየ ነው። የጋይንት ድንች፣ የፋርጣ ገብስ፣ የፎገራ ሩዝ በዚሁ መንገድ ገበያ ያገኛል። በሽተኛው ሆስፒታል ይደርሳል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በ2004 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተማሪዎችን ለመቀበል የቻለው መንገዱ ቀድሞ ስለ ነበረ ነው። ቀድሞ አኩፋዳ አንግቶ የሚመጣው ተማሪ ዛሬ ሻንጣውን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ይመጣል።

ያም ሆኖ መንገድ የሚጠቅመው ለሚሄድበት ሁሉ ነው፤ የሚመጣውን አይመርጥም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ይህንኑ የወልድያ መንገድ ተከትሎ እስከ ጉና ግርጌ መጣ። ነፋስ መውጫና አካባቢዋ ተጎዱ፤ በደብረ ታቦር ከተማም ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። በዘመነ መሳፍንት ጊዜ እንደ ነበረው ሁሉ፣ በመንገዱ ዳር ያለው ገበሬ መጀመሪያ ከፋይ ሆነ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ለሙያው ባልደረቦች የሚያስተምረው ነገር አለ። ወደ ደብረ ታቦር የሚደረግ ጉዞ በየዘመኑ አስቸጋሪ የነበረው በሦስት ምክንያቶች ነው፤ እነዚህም ወራቱ፣ ፈቃዱና ሸክሙ ናቸው። ወራቱን ድልድይና የድንጋይ ንጣፍ አሸንፎታል። ፈቃዱ ሰላም ሲኖር ይቀላል፣ ሰላም ሲጠፋ ይከብዳል። ሦስተኛው ግን በምሕንድስና ብቻ የሚመለስ አይደለም። በገበሬው ትከሻ ላይ የነበረው የእንግዳ ጭነት ወደ መኪና ቢዛወርም፣ ለመንገዱ መሬቱን የሚለቀው፣ የቦዩ ጎርፍ በማሳው ላይ የሚለቀቅበት፣ መንገዱ ሲበላሽ ገበያው የሚዘጋበት ዛሬም በመንገድ ዳር ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የአንድ መንገድ ወጪ ሲታሰብ የሲሚንቶውና የነዳጁ ሒሳብ ብቻ በቂ አይሆንም።

ዛሬ ጋፋትን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ከደብረ ታቦር ከተማ ወጥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እዚያ የሚያየው ትልቅ ሕንፃ ወይም የቆመ ምሽግ አይደለም፤ መድፍ የቀለጠበት መሬት ነው። መንገዱን የሚያሳየው፣ ውኃ የሚያቀርብለት፣ ቢመሽበት ቤቱን የሚከፍትለት በአካባቢው የሚኖር ገበሬ ነው። የዚህ ሰው አያቶች ለመድፉ ገመድ ስበዋል፤ ለእንግዳው ድርጎ አውጥተዋል፤ ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ ሰጥተዋል። እስከ ደጁ የሚደርሰው መንገድ ሲታቀድ ልኩን ከሚወስደው መሐንዲስ ጎን ቆሞ የክረምቱ ጎርፍ የትኛውን ማሳ እንደሚመታ፣ ገበያው በየት በኩል እንደሚቀናው ቢጠየቅ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ሲነሡ ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን ተጠየቀ ማለት ነው።